ከሆመቾ እስከ ወንጂ፤ በመስመር የቆሙ ቤቶች

ሆመቾ በሚገኘው የአያቴ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤቶች ነበሩ። አንደኛው ክብ፣ የሣር ክዳን የለበሰ፣ ከመሐሉ አንድ ወፍራም ምሰሶ የቆመለት ትልቅ ቤት ነው። ሁለተኛው ከእርሱ በስተግራ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ የቆመ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ጠባብ ባለ አራት ማዕዘን ቤት ነው። ክቡን ቤት ሁላችንም በሀዲይኛ «ሚኔ» እንለዋለን፤ ቤት ማለት ነው። አራት ማዕዘኑን ግን ማንም ሚኔ ብሎት አያውቅም። ስሙ «ካምፕ» ነበር። «ጨው ከካምፕ አምጣ»፣ «እንግዳው ካምፕ ይደር»፣ «ዝናቡ መጣ፤ ልብሱን ካምፕ አስገቡ» ይባል ነበር።

ልጅ ሳለሁ ካምፕ የሚለው ቃል የራሳችን ቋንቋ ቃል ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ ካምፕ ማለት የጦር ሠራዊት የሚሰፍርበት ቦታ መሆኑን ስሰማ ግራ ገባኝና አያቴን «አባባ፣ እርስዎ ወታደር ነበሩ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከት ብለው ሳቁ። «ወታደርስ አልነበርኩም ልጄ፤ የአገዳ ሰው ነበርኩ እንጂ» አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ ያ መልስ ምን ማለት እንደ ነበር ለመረዳት ያደረግሁት ዘግይቶ የመጣ ሙከራ ነው። ዘግይቶ የመጣ የምለው ጠያቂው ሲያድግ መላሹ ስላልነበሩ ነው። ሙከራውን ደግሞ አንድ ነገር አስቸኮለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአጎቴ ልጅ ደውሎ «ካምፑን ልናፈርሰው ነው፤ ምስጥ በልቶታል፤ በቦታው የብሎኬት ቤት እንሠራበታለን። አንተ ደግሞ የተማርከው ነህና ሐሳብህን ንገረን» አለኝ። ምን እንደምመልስ አላወቅሁም። ስለማላውቀው ቤት ምን ሐሳብ ልስጥ? «እስከ መስቀል ታገሱኝ» አልኩት።

ውድ አንባቢ፣ የአያቴን ቤት ታሪክ ለመናገር መጀመሪያ ከሆመቾ በጣም ርቀን መሄድ ይኖርብናል።

የፋብሪካ ዘመን በአውሮፓ ሲጀምር ሠራተኛው የሚያድርበት ቦታ የማንም ጭንቀት አልነበረም። ገበሬው መሬቱን ትቶ ወደ ጢሱ ከተማ ሲጎርፍ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለትና ሦስት ቤተ ሰብ እየተጨናነቀ፣ ፍሳሽና የመጠጥ ውኃ እየተቀላቀለበት ይኖር ነበር። ኮሌራም ደጋግሞ አጨደው። ከዚህ መካከል ጥቂት ባለ ፋብሪካዎች አንድ አዲስ ሐሳብ አፈለቁ። ሠራተኛው የሚኖርበትን መንደር ራሳችን በዕቅድ እንሥራው አሉ። በስኮትላንድ ኒው ላናርክ በምትባል የጥጥ ፈትል መንደር ሮበርት ኦወን ከእ.ኤ.አ. 1800 ጀምሮ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ፣ ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ፋብሪካ እንዳይገቡ ከለከለ፤ በ1816ም ለልጆቹ ትምህርት ቤት ከፈተላቸው። በእንግሊዝ አገር ታይተስ ሶልት የተባለው የሱፍ ጨርቅ ባለ ፋብሪካ በኤር ወንዝ ዳር ከ1850ዎቹ አንሥቶ አንድ ሙሉ መንደር ገነባና የራሱን ስም ከወንዙ ስም ጋር አጋብቶ ሶልቴር አለው። ቤቶቹ የድንጋይ ናቸው፤ መታጠቢያ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት ተሠራላቸው። መጠጥ ቤት ግን አልተፈቀደም። በሆላንድም ያኮብ ቫን ማርከን የተባለ የእርሾ ፋብሪካ ባለቤት በ1880ዎቹ በዴልፍት ከተማ የሠራተኞች መንደር አሠርቶ በሚስቱ ስም አግኔታ ፓርክ ብሎ ሰየመው።

እነዚህን መንደሮች በጥሩ ዓይን የሚያያቸው ሰው ብዙ ነው። ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው የድንጋይ ቤት የሰጠውን ሊያማው አይገባም። ነገር ግን ቤቱን የሚሰጥህ ደመወዝህን የሚከፍልህ ሰው ሲሆን፣ ከሥራ የወጣህ ዕለት ከቤትም ትወጣለህ። ይህን እውነት ከሁሉ ይልቅ ያጋለጠችው በአሜሪካ ቺካጎ አጠገብ የነበረችው ፑልማን ናት። የባቡር ፉርጎ ሠሪው ጆርጅ ፑልማን በ1880 የጀመራት ይህች መንደር በውበቷ እጅግ የተወደሰች ነበረች። በ1893 የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ኩባንያው ደመወዝ ቀነሰ፤ የቤት ኪራይን ግን አልቀነሰም። በ1894 ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። አድማውም በሀገሪቱ ብዙ የባቡር መሥመሮች ላይ ተዛመተ፤ ጦር ሠራዊት ዘመተበት። ከአራት ዓመት በኋላ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው የመንደሩ ባለቤት ሆኖ መቀጠል እንደማይችል ፈረደ። እንግዲህ የዕቅድ መንደር ከጅምሩ ሁለት ፊት ነበረው ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ ወደ እኛ ሀገር ከመጣባቸው መንገዶች አንዱ የስኳር መንገድ ነው።

ኤች.ቪ.ኤ. በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአምስተርዳም የንግድ ኩባንያ፣ ሆላንድ በቅኝ ግዛትነት በያዘቻት በኢንዶኔዥያ፣ በተለይም በጃቫ ደሴት፣ ሰፋፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ነበሩት። ኢንዶኔዥያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነፃነቷን ስታውጅ ኩባንያው ሌላ ምድር መፈለግ ጀመረ። ዓይኑም አዋሽ ሸለቆ ላይ ዐረፈ። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ውል ተፈራርሞ ከናዝሬት በስተደቡብ በወንጂ ሜዳ ላይ አምስት ሺህ ሄክታር ያህል መሬት ተረከበ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተመርቆ ሥራ ጀመረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሁለተኛው፣ የሸዋ ስኳር ፋብሪካ፣ በዚያው ሜዳ ላይ ተከተለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ኩባንያው አዋሽን ተከትሎ ወርዶ መተሐራ ላይ ሦስተኛውን ተከለ። ከወንጂ ከፍ ብሎ የተሠራው የቆቃ ግድብም በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ የአዋሽን ውኃ በመመጠን ለእርሻው አጋዥ ሆነ።

ሜዳው ባዶ አልነበረም። ጅሌ ኦሮሞዎች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት፣ በበጋ ወደ አዋሽ ወርደው የሚያጠጡበት ምድር ነበር። አገዳው ሲገባ ከብቱ ወጣ። የወንጂን ታሪክ በሸንኮራ አገዳ የሚጀምር ሰው ከመጀመሪያው ምዕራፍ አንዱን ገጽ ገንጥሎ ጥሏል።

አገዳ ደግሞ እጅ ይፈልጋል፤ ብዙ እጅ። አርብቶ አደሩ በገዛ መሬቱ ላይ የሰው አገዳ ሊቆርጥ አልፈቀደም። እጁ የመጣው ከደጋው ነው፤ ከከምባታና ከሀዲያ፣ ከወላይታም። የእኛ አገር መሬት እንሰት የሚያበቅል ለም ነው፤ ነገር ግን ሰዉ ብዙ፣ ማሳው ጠባብ ነው። እንሰት ቤተ ሰብን ይቀልባል እንጂ ግብር አይከፍልም። ግብሩ፣ የከብቱ መግዣ፣ የጋብቻው ወጪ፣ የቆርቆሮው ዋጋ ሁሉ ጥሬ ብር ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ ደግሞ ጥሬ ብር የሚገኘው ወንጂ ነበር። አውራጃው ከምባታ ተብሎ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ይተዳደር ስለ ነበር፣ ከሆሳዕናም ይምጣ ከዱራሜ፣ ሀዲያም ይሁን ጠምባሮ፣ አገዳ ሊቆርጥ የወረደ ሁሉ በወንጂ ሰው አፍ «ከምባታ» ነበር። አያቴ ይህን ሲያነሡ ፈገግ ይሉ ነበር። «ከሆመቾ ስወጣ ሀዲያ ነበርኩ፤ ወንጂ ስደርስ ከምባታ አሉኝ። ስመለስ ደግሞ ወንጂ አሉኝ» ይሉ ነበር። እውነትም እስኪሞቱ ድረስ በመንደሩ ውስጥ «የወንጂው» እየተባሉ ይጠሩ ነበር።

የሥራው ዘመን ከእኛ በዓል ጋር የተስማማ ነበር። ፋብሪካው በክረምት ዝናብ ጊዜ ቆሞ ይጠገናል፤ ከመስከረም በኋላ እንደ ገና ይነሣል። ስለዚህ አገዳ ቆራጩ በክረምት ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ማሳውን ያያል፤ ያሆዴ መስቀላን ከዘመድ ጋር ያከብራል፤ የበሬው ሥጋ አልቆ የቂቤው መዓዛ ከልብሱ ላይ ሳይለቅ ደግሞ ጉዞውን ይጀምራል። አያቴ መጀመሪያ ጊዜ የወረዱት በእግር ነው። ቆሎና የደረቀ ቂጣ ይዘው፣ ከጎረቤት ጎረምሶች ጋር፣ በሆሳዕና በኩል። በኋላ ላይ ግን በጭነት መኪና ላይ ተጭነው ይሄዱ ነበር።

ቆረጣው እንዲህ ነበር። ማሳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲነድ እሳት ይለቀቅበታል። ከዚያ ሰዉ ገጀራውን ይዞ ጥላሸት በለበሰው አገዳ ውስጥ ይገባል። ከሥሩ ዝቅ ብሎ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ስኳሩ የሚበዛው ከታች ነውና። ፀሐይዋ የቆላ ፀሐይ ናት። ማታ ሰዉ ከማሳው ሲወጣ ከዓይኑና ከጥርሱ በቀር ነጭ ነገር የለውም። ያን ጥላሸት ለብሶ የሚገባበት ቤት ነው እንግዲህ «ካምፕ» የተባለው።

ሆላንዶቹ መንደር መሥራት ያውቁበት ነበር። በጃቫም ሠርተዋል። በወንጂ የሆነውም ያው ነው። በፋብሪካው አቅራቢያ ባለ ሰፊ ግቢ፣ ባለ ሣርና ባለ አበባ ቪላዎች ለውጭ ሀገር ሠራተኞች ተሠሩ፤ ክበብና የመዋኛ ገንዳ ነበራቸው። ከዚያ ዝቅ ሲል ለኢትዮጵያውያን የቢሮ ሠራተኞችና ለባለ ሙያዎች፣ ከዚያ ለፋብሪካው ሠራተኞች፣ በመጨረሻም በማሳዎቹ መካከል ለአገዳ ቆራጮች የተሠሩት የእርሻ መንደሮች ይመጣሉ። እነዚህ የእርሻ መንደሮች ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ በላቲን ፊደል ይጠሩ ነበር። ሰዉ «ኤ ካምፕ»፣ «ቢ ካምፕ» እያለ ይጠራቸዋል። ቤቶቹ በቀጥታ መስመር የቆሙ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ፣ አንድ በርና አንድ ክፍል ያላቸው ናቸው። አንድ ሰው የሚተኛበትን ቤት ካየህ ደመወዙን መገመት ትችላለህ። በሶልቴርም የአለቆቹ ቤት ከተራው ሠራተኛ ቤት ይሰፋ ነበር።

ደጉን ነገር ግን መካድ አይገባም። ወንጂ ሆስፒታል ነበራት፤ የወባን ትንኝ የሚከላከል የመርጨት ሥራ ነበራት፤ ትምህርት ቤት ነበራት። ፊደል ያልቆጠሩ የአገዳ ቆራጮች ልጆች በዚያ ተምረው ሐኪምና መሐንዲስ ሆነዋል። የኳስ ሜዳዋ ስንቱን ተጫዋች አፍርቷል። ደስታ ከረሜላ ከዚያ ወጥቶ የኢትዮጵያን ሕፃናት አፍ ሁሉ ያጣፈጠ ነው፤ አያቴም ለክረምት ሲመለሱ ኪሳቸው ውስጥ እርሱ አይጠፋም ነበር። «የወንጂ ልጅ ነኝ» የሚል ሰው ዛሬም በኩራት ነው የሚናገረው። ኦሮሞው፣ ከምባታው፣ ሀዲያው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው በአንድ የቧንቧ ውኃ ዙሪያ ተራ እየጠበቀ ያደገበት ሰፈር በመሆኑ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ታሪክም ወንጂን ሳይጠራ አያልፍም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከመውጣቱ አስቀድሞ ድምፃቸውን ካሰሙት መካከል የስኳር ሠራተኞች ነበሩበት።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ግን የመንደሩ ታላቅ ስጦታ ስለ ነበረው ስለ ውኃው ነው።

ደጋ ላይ ውኃ ማለት ቁልቁል ወርዶ፣ ተሸክሞ፣ ሽቅብ መውጣት ነው። ይህንም የሚያውቁት ሴቶቻችን ናቸው። ወንጂ ላይ ውኃ ከመሬት ሥር በጉድጓድ ተስቦ፣ በቧንቧ፣ እስከ ሰፈሩ ድረስ ይመጣ ነበር። ከበሽታ ትላትል የጠራ ነው። ነገር ግን የስምጥ ሸለቆ ምድር የእሳተ ገሞራ ምድር ነው፤ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከከርሰ ምድሩ ውኃ ጋር ይቀላቀላል። ጥቂቱ ጥርስን ያጠነክራል። ሲበዛ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚፈቅደው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በወንጂና በሸዋ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች መካከል ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተገኘባቸው ነበሩ።

ጉዳቱ የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው። ጥርስ የሚበላሸው ድዱ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ሳለ ነው፤ ስለዚህ ጥርሳቸው የወየበውና የጠቆረው እዚያው የተወለዱት ልጆች ናቸው። ትልልቆቹን ውኃው የያዛቸው በአጥንት ነው። ከአሥርና ከሃያ ዓመት በላይ የጠጡት አንገታቸው አልዞር፣ ወገባቸው አልታጠፍ፣ ጉልበታቸው አልዘረጋ ይላቸው ጀመር። አጥንቱ ከመጠን በላይ እየወፈረ ነርቭን ሲጫን እግር የሚያሽመደምድበት ጊዜም አለ። ሐኪሞች ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ ይህን በወንጂ መዝግበው ለዓለም አሳውቀዋል፤ ዛሬ በዓለም ላይ ስለ አጥንት ፍሎሮሲስ የሚያጠና ሰው የወንጂን ስም ሳያገኝ አያልፍም። ፍሎራይዱን ከውኃው የሚያጣሩ መሣሪያዎችም ቆየት ብለው ተተክለዋል። ነገር ግን የታጠፈ አጥንት በማጣሪያ አይቃናም።

ይህን ሳነብ ብዙ ቀን አሰብኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብሎ አገዳ የቆረጠ ሰው፣ ጡረታ ወጥቶ ቀና ልበል ሲል አጥንቱ እምቢ አለው። ይህ ሰው መንደሩን ይርገመው ወይስ ይመርቀው? ልጁን ያስተማረበት መንደር ነው፤ የልጁን ጥርስ ያጠቆረበትም ያው መንደር ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። አያቴ ዕድለኛ ነበሩ። በየክረምቱ እየተመለሱ የሀገራቸውን ምንጭ ጠጥተዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጨርሰው ተመለሱ። ወገባቸው እስከ መጨረሻው ቀጥ ያለ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። አብዮቱ መጣ። ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ታላላቅ የኢንዱስትሪ ድርጅቶችን ሲወርስ የስኳር ፋብሪካዎቹም የመንግሥት ሆኑ። ሆላንዶቹ ሄዱ፤ በቪላዎቹ ሌሎች ገቡባቸው፤ የረድፍ ቤቶቹ ነዋሪዎች ግን እዚያው ቀሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ያው መንግሥት በብዙ የሀገሪቱ ገጠሮች መንደር ምሥረታን ሲያካሂድ ገበሬው ክብ ቤቱን አፍርሶ ማገሩን ተሸክሞ በገመድ በተለካ መስመር ላይ እንዲሰፍር ታዘዘ። ከእንሰቱና ከማሳው የተለየ ቤት ግን አልጸናም፤ በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲለወጥ ብዙው ሰው ማገሩን እንደ ገና ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። የወንጂም የሸዋም ፋብሪካዎች አርጅተው ከ2003 እስከ 2005 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ተራ በተራ ተዘጉ፤ በምትካቸውም አዲስ ፋብሪካ በዶዶታ በኩል ተተከለ።

በዚያ የስልክ ጥሪ ማግሥት ሆመቾ ሄጄ ነበር። በአያቴ ካምፕ ውስጥ ቆሜ ወለሉን በሲባጎ ለካሁ። በርዝመቱ አንድ ቋጠሮ፣ በስፋቱ ሌላ ቋጠሮ አሰርኩና ሲባጎውን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያም ወንጂ ወረድኩ።

የእርሻ መንደሮቹ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ረድፎቹ አሉ፤ ቆርቆሮው ዝጓል፤ አንዳንዱ በር ተቀይሯል፤ ከፊቱ ዳስ የተጨመረበትም አለ። በአንዱ ረድፍ መጨረሻ አንዲት አሮጊት በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በአማርኛ ሰላም አልኳቸው። ስለ ሀገሬ ጠየቁኝ። «ሆመቾ» ስላቸው ቋንቋው ወዲያው ተለወጠ። በሀዲይኛ «ግባ፣ ግባ» አሉኝ። በሙሽርነታቸው ባላቸውን ተከትለው እንደ ወረዱ፣ ባላቸው ግን እንዳረፉ ነገሩኝ። ቡና ሲፈላ፣ ነውር ቢሆንም ፈቃድ ጠይቄ፣ ሲባጎዬን አውጥቼ ክፍላቸውን ለካሁ።

በርዝመቱ ልክ ነበር። በስፋቱ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ተለየ።

አያቴ ፕላን አያውቁም፤ ሜትርም አልነበራቸውም። የክፍሉን ልክ በክንዳቸው ይዘው፣ ያን ሁሉ መንገድ ተሸክመውት መጥተው ነው ሆመቾ ላይ የተከሉት። ለምን ይሆን? በምድራቸው ላይ የፈለጉትን ያህል ማስፋት ይችሉ ነበር። ይህን ለአሮጊቷ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ጓሮ በር አለው?» ብለው ጠየቁኝ።

አለው። ከኋላ በኩል፣ ወደ እንሰቱ የሚያወጣ አነስተኛ በር አለው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚህ የለም። ጓሮ የሚባል የለም። የእኔ ግድግዳ የጎረቤቴም ግድግዳ ነው፤ እርሱ ሲያስለኝ የምነቃው እኔ ነኝ» አሉኝ። ተነሥተውም እጄን ይዘው በረድፉ ጫፍ ዞረው የቧንቧው ፍሳሽ የሚወርድበትን ቦታ አሳዩኝ። በዚያ ቆላ ላይ፣ በዕጣቢ ውኃ እየተጠጣ፣ አንድ እንሰት ቆሟል። ለቆጮ የሚበቃ አይደለም። «ለዓይኔ ነው» አሉኝ።

ኒው ላናርክና ሶልቴር እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ጎብኚ ይመጣላቸዋል፤ ድንጋዩ ይታጠባል፤ እያንዳንዱ በር ታሪኩ ተጽፎለታል። እኔ ወንጂ እንደዚያ ትሁን አልልም። ሰው የሚኖርበት ቤት ከቅርስነት በፊት የማያፈስ ጣሪያና የማይጎዳ ውኃ ይገባዋል። ነገር ግን ሻያችንን ስናማስል፣ በዚያ ስኳር ውስጥ የሟሟው የማን ጉልበት እንደ ነበር የሚጻፍበት አንድ ገጽ አይጥፋ ነው የምለው። የፋብሪካው ዕለታዊ ምርት ተጽፏል፤ የሄክታሩ ልክ ተጽፏል። ቤቱን የኖሩበት ሰዎች ስለ ቤቱ ያሉት ግን አልተጻፈም። ከእነርሱ አንዱ አያቴ ያለውን ያለው በጭቃና በቆርቆሮ ነው። መስኮቱን፣ በሩን፣ ዝናብ የማያስገባውን ጣሪያ ወደደው፤ ወሰደው። የጋራውን ግድግዳ ጣለው። የጎደለውን ጓሮ ጨመረበት። ሆላንዱ የነደፈውን ቤት ሆመቾ ላይ አረመው።

በመስቀል ሰሞን ቤተ ሰቡ ሲሰበሰብ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሲባጎውንም አሳየኋቸው። ቤቱ ይቆይ ብዬ ግን አልተከራከርኩም። ምስጡ ምሰሶዎቹን እስከ ጣሪያው ድረስ ጨርሷቸው ነበር። በበዓሉ ማግሥት ቆርቆሮውን አወረድን፤ አንዳንዱ ቆርቆሮ ዛሬም ለዶሮ ቤት ያገለግላል። ግንበኛው መጥቶ ለብሎኬቱ ቤት መሠረት ሲያሰምር «በሩ ወደ መንገዱ ነው። ሌላ በር ታስፈልጋላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

የአጎቴ ልጅ ወደ እኔ አላየም። ወደ ኋላ ዞሮ በእጁ አመለከተ። «በዚህ በኩል» አለ፤ «ወደ እንሰቱ»።